በማያዎች ቤት የተነጠፈ ጀንዲ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈራችን ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ክፍል እሄዳለሁ። ሥራዬ ወንበር መደርደር ነው፤ አስተማሪዋ ግን ሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት አትወድም። አንድ ቀን «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ ለልጆቹ ስለ ሥራዎ ይንገሯቸው፤ የጥንት ሰዎች ቤት ይሠሩ አልነበር!» ብላ ፊት ለፊት አቆመችኝ። እኔም ወሬ አይደክመኝም፤ ስለ ማያዎች ጀመርኩ። ማያዎች ዛሬ ሜክሲኮና ጓቲማላ በምንላቸው አገሮች በድሮ ዘመን ትልልቅ ከተሞች የሠሩ ሕዝቦች ናቸው። ስለ ከተሞቻቸው የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እኔ የያዝኩት የጓዳቸውን ወሬ ነበር።

ገና ቃሪያቸው ላይ ሳልደርስ ሐናን የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«አንክል ሰይድ፣ ሶ... ማያዎቹ የት ሄደ? ኦል ሞቱ?»

«ኧረ አልሞቱም» አልኳት።

«ባት በኛ ስኩል መጽሐፍ ጠፉ ይላል።»

አስተማሪዋ ሰዓቷን አየች፤ ልጆቹም ቦርሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ለሐናን የሚሰጠው መልስ በእርግጥ አጭር ነው፤ እኔ ግን እሱ ጋ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቤት ሠርቼ፣ መልሼ ጓዳውን አፍርሻለሁ። በር ላይ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ሳክሲ፣ ልጄ ቤት ገብቼ ጻፍኩላት። አማርኛው ከከበዳት እናቷ ታንብብላት።

እኔ ሙያዬ አናጢነት ነው። ደሴ ተወልጄ፣ እዚያው ከመጋዝና ከመላጊያ ጋር አደግኩ። ዳላስ ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት አዲሰን ውስጥ አንድ ሆቴል ሲሆን፣ ሥራዬ የተሰበረ አልጋና የማይዘጋ በር መጠገን ነበር። ሆቴል ያደረ ሰው በር ለምን በእግሩ እንደሚዘጋ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ሠፈር አንድ መጋዘን ተቀጥሬ የዕቃ ማሸጊያ የእንጨት ሣጥን መሥራት ያዝኩ። ደመወዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻላል፣ ሥራው ግን ያሰለቻል። ሣጥን ሠርተህ ምን እንደሚገባበት ሳታይ ይወሰዳል።

አንድ ቀን ከጎናችን ካለው ወርክሾፕ «ለአንድ ፈረስ የሚሆን ሣጥን» የሚል ትእዛዝ መጣ። ፈረስ በሣጥን? ልኩን ልውሰድ ብዬ ሜትሬን ይዤ ሮጥኩ። ከፎምና ከጀሶ የተሠራ ፈረስ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ላብ እንኳ አልቀረውም። አንዲት ሸምገል ያሉ ነጭ ወይዘሮ ከሆዱ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ጭቃ ይቀቡታል።

«እዚያ ሥር ማን ያየዋል?» አልኳቸው።

«ቁመቱ ከወገብህ በታች የሆነ ሁሉ» አሉኝ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ሚስ ዶሪን ያወቅኩት እንዲህ ነው። የተናገሩትን እዚህ በአማርኛ እየገለበጥኩ ነው የምጽፈው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ብያቸዋለሁ። ወርክሾፑ ለሙዚየሞች ቤት፣ እንስሳና መንደር ይሠራል። ባለቤቱ ግሬግ ደግ ሰው ነው፤ የመክፈቻ ቀን ሲቃረብ ብቻ ፊቱ እንደ ቲማቲም ይቀላል። ፈረሱ ሣጥኑ ውስጥ ሳይፋተግ ልክክ ብሎ ሲገባ አይቶ «እኛ ጋ ለምን አትመጣም?» አለኝ። ሁለቴ አላስጠየቅኩትም።

ሚስ ዶሪ የወለል ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሰዎች የሚያደርጉትን ዓይነት የጉልበት መከላከያ ሁልጊዜ አድርገው ነው የሚውሉት። አንድ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይገቡና እንደ ልጅ ዙሪያውን ያያሉ። ከዚያ ጥያቄ ይጀምራሉ። «ይህን ቤት ማን ይጠርገዋል? ጥራጊውን የት ይደፋዋል?» የጥራጊው ቦታ ያልታወቀ ቤት ለእሳቸው ገና ቤት አልሆነም። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከበሩ ውጭ ይከተሉታል። ማሰሮው ከየት መጣ? ከጭቃ። ጭቃውስ? ከወንዝ ዳር። ማን ተሸክሞት መጣ? መንገዱ የሆነ ቦታ ላይ ከተቋረጠባቸው ዕቃውን ያነሱታል፤ ቦታውንም ባዶ ይተዉታል። «የማናውቀውን ባዶ እንተወው። ባዶ ቦታ ማንንም አይዋሽም» ይሉ ነበር።

ይህ ልማዳቸው አንድ ጊዜ እኔን አስመሰገነኝ፤ መዘዜም ያኔ ጀመረ። የድሮ የቴክሳስ ከብት ነጂዎችን ሠፈር እየሠራን ነበር። ምግብ ማብሰያው ጋሪ አጠገብ የተፈለጠ እንጨት ደርድሬ ነበር። ሚስ ዶሪ ተንበርክከው አዩና «እንጨቱ ከየት መጣ? ይህ ሜዳ ዛፍ የለውም» አሉ። ሌሎቹ ሥዕሉን ማየት ጀመሩ። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሰው ከብት ካለው እንጨት ምን ያደርግለታል? «በኩበት ነዋ!» አልኩ። ኩበት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ጭሱ እንዴት እንደሚሸት አስረዳሁ። መጽሐፍ ሲያገላብጡ እውነትም እንደዚያው ሆኖ አገኙት። ሚስ ዶሪ እጄን ጨብጠው «አንተ ያደግክበት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው» አሉኝ። ሐናን፣ እንዲህ ያለ ምስጋና ለአናጢ አይሰጥም። ያን ዕለት ከፋርመርስ ብራንች ቤቴ ድረስ በፈገግታ ነዳሁ።

የማያዎቹ ቤት የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ የልጆች ሙዚየም ልጆች ገብተው የሚነኩት፣ የሚቀመጡበት፣ እህል የሚፈጩበት የጥንት ማያዎች መኖሪያ ፈለገ። ሥዕሉን ያዘጋጁት አንዲት የታሪክ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ወርክሾፕ መጥተው ሲያስረዱን እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ሰማኋቸው። ያን ሁሉ ከተማ የሠሩት ያለ ብረት መሣሪያ ነው። ጋሪ የላቸውም፣ የጭነት ከብትም የላቸውም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ሰው ነው፤ የጭነቱን ማሰሪያ ግንባሩ ላይ አድርጎ ይጓዛል። ቤቱ ከፍ ያለ መደብ ላይ ይቆማል፤ እንጨት ተተክሎ በጭቃ ይመረጋል፤ ክዳኑ የዘንባባ ቅጠል ነው። ደጅ ላይ ውሻና ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ይርመሰመሳሉ። ንብም ያረባሉ፤ ንቧ ግን መናደፊያ የላትም፤ ቀፎዋ የተቦረቦረ ግንድ ነው። ሴቶቹ ሲሸምኑ የሽመናውን አንድ ጫፍ ዛፍ ላይ ያስሩና ሌላውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ይታጠቁታል። ሰው ሲሞትባቸው ብዙ ጊዜ የሚቀብሩት እዚያው ከቤቱ ወለል ሥር ነው። ሚስ ዶሪ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ወለሉን ቀስ ብለው ነው የሚጠርጉት» አሉ።

ምድጃውን ሳይ ግን ልቤ ዘለለች። ሦስት ድንጋይ! አልተጠረበም፣ አልተለሰነም፤ ሦስት ጉልቻ ነው፣ ማሰሮው ከላይ ይጣዳል። ከደሴ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ጨርሶ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አንዱን ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ሲያስቡት አይገርምም? እኔን በጣም ገረመኝ። ወፍጮውንም ሳየው የኛው ነው፤ ተንበርክከው በሁለት እጅ መጁን ይዘው ነው የሚፈጩት። በዚያ ሰዓት በልቤ «ይህን ቤት አውቀዋለሁ» አልኩ።

ሥራው እንደተጀመረ ሚስ ዶሪ የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ሆስፒታል ገቡ፤ ሐኪሙም አቧራ ያለበት ቦታ ድርሽ እንዳይሉ ከለከላቸው። ግሬግ ቤቱን ለኔ ሰጠኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን መሪ ሆንኩ።

እውነቱን ልናገር፣ አሳምሬ ሠራሁት። የግድግዳው ጭቃ እንዳይረግፍ በሙጫና በሰጋቱራ ለወስኩት፤ ምርጊቱ ላይ ጣት ያለፈበት እንዲመስል በእጄ ነው የለቀለቅኩት። ከምድጃው በላይ ያለውን ክዳን በቀለም መርጫ አጠቆርኩት፤ ጭስ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ስለሚያደላ ጥቁረቱን ወደ በሩ አዘነበልኩት። እውነተኛ የበቆሎ ራስ በሲሊኮን ቅርጽ አውጥቼ፣ አምሳያውን አፍስሼ፣ ጣራው ሥር ሰቀልኩት። ጉልቻዎቹን በፎም ሥራ ቢሉኝም እምቢ ብዬ ከአንድ የመንገድ ሥራ ቦታ አስፈቅጄ እውነተኛ ድንጋይ አመጣሁ።

ልጆች ለሙከራ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለት ነገር ይቀረኝ ነበር። የፕሮፌሰሯ ሥዕል መኝታው ላይ «ምንጣፍ» ይላል፤ የታዘዘው ሰሌን ግን አልደረሰም። መደቡ ባዶውን ሲታይ ቅር አለኝ። እንግዳ ሊመጣ መኝታ እንዴት ባዶ ይሆናል? እኛ አገር የተከበረ እንግዳ ጀንዲ ይነጠፍለታል፤ ያውም የለፋ የበሬ ቆዳ። መጋዘን ውስጥ ከከብት ነጂዎቹ ሠፈር የተረፈ ቡራቡሬ ቆዳ ነበር። አራግፌ አነጠፍኩት፤ ቤቱ ሞቅ አለ። ወፍጮው ላይ ደግሞ «የተፈጨ በቆሎ» ይላል፤ ከሱቅ የበቆሎ ዱቄት ገዝቼ አፈሰስኩበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያኔ ማን ያስታውሰኝ!

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ለፋጡማ ጉራዬን ነዛሁባት። እሷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፤ ከሺፍት መጥታ ደክሟታል።

«ጀንዲ ሁላ አነጠፍኩላቸው» አልኳት።

«ማሻአላህ» አለች። ከዚያ «ቆይ፣ ሶ... እነዚህ ሰዎች ላም ነበራቸው እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ! ላም የሌለው ሰው አለ?»

«ማለቴ፣ ፕሮፌሰሯን ኮል አድርገህ ብትጠይቃትስ?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ የቀረብኝ ከደጃዝማችነትም የሚበልጥ ነበር።

በማግስቱ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ወደ ወርክሾፑ መጣ። ከልጆቹ ጋር ልጅ ለመጠበቅ የመጣች ሮሳሊያ የምትባል እናት ነበረች፤ ከጓቲማላ ደጋ የመጣች፣ ጋርላንድ ከተማ ዳቦ ቤት የምትሠራ። ልጇ ኢርማ ከክፍሉ ጋር ነበረች። ልጆቹ ቤቱን ሲያዩ ጫጫታው ሌላ ነው። ታይለር የሚባል አንድ ልጅ ሁሉን የማወቅ አመል አለበት፤ «ማያዎች ሁሉም ጠፍተዋል፤ ማንም የት እንደሄዱ አያውቅም» ብሎ አወጀ።

«እኔ ማያ ነኝ» አለች ኢርማ። «እናቴም ናት። አያቴ ቋንቋውን ነው የምትናገረው።»

«ውሸት። የጠፋ ሰው መሆን አይቻልም።»

ኢርማ ፊቷ ተለዋወጠ። ሮጣ እናቷን በእጅጌዋ ጎትታ አመጣች። «ማማ፣ ንገሪያቸው። ይሄ የኛ ቤት አይደል?»

ልጆቹ ሁሉ ሮሳሊያን ያያሉ። እኔም ከግድግዳው ጥግ ቆሜ አያታለሁ፤ ምስጋናዬን ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ። ጎንበስ ብላ ገባች። ጉልቻዎቹን በእጇ ነካች፤ ፈገግ አለች። ልቤ ሞቀ። ከዚያ ወፍጮው ላይ ያለውን ዱቄት በሁለት ጣቶቿ አሸት አደረገችው። ጣቶቿን አየቻቸው። ቡራቡሬውን ቆዳ አየችው። ወደ ልጇ ዞረች፤ ልትዋሻት እንዳልፈለገች ፊቷ ላይ ይነበባል።

«አይ፣ ልጄ» አለቻት። «የኛ አይደለም።»

በስፓኒሽ ነው ያለችው፤ ይህን ለመረዳት ግን ስፓኒሽ አያስፈልግም። ታይለር አልሳቀም፤ «ነግሬሽ ነበር» ብቻ አለ። ኢርማ ወጥታ የልጆቹ ጃኬት በተሰቀለበት ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። በሕይወቴ የተሰበረ አልጋ፣ የተጣመመ በር፣ የፈረሰ ግድግዳ ጠግኛለሁ፤ ይህን በምን እንደምጠግነው አላወቅኩም።

ልጆቹ ሲሄዱ ግሬግ ፊቱ ቀልቶ መጣ። መክፈቻው ሳምንት አልቀረውም። «ሰይድ፣ ቤቱ ያምራል፤ ዱቄት ነው እኮ። ማን ልብ ይለዋል? ይለፍ» አለኝ።

«አንዲት ልጅ ልብ ብላለች» አልኩት፤ ሄጄም ለሚስ ዶሪ ደወልኩ።

ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው መጡ። የጉልበት መከላከያው አልቀረም። ተንበርክከው ገቡ፤ ግድግዳውን ዳበሱ፤ የጭሱን ጥቁረት ቀና ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። 

«በጣም ያምራል» አሉ። «ግን ያንተ ቤት ነው።»

ልወጣ ወደ በሩ ዞርኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ቆዳውን አንሳና ከበሩ ይዘኸው ውጣ» አሉኝ። ተሸክሜው ወጣሁ።

«ከየት መጣ?»

«ከበሬ።»

«በሬው የት ነው የሚግጠው? አሳየኝ።»

ወርክሾፑ መካከል ቆዳ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ቆሜያለሁ። ግሬግ ያየኛል። በሬ የታሰረበት፣ በረት የተሠራበት፣ ሣር የተቆለለበት ፈለግኩ። ፕሮፌሰሯ የተናገሩት ያኔ ጆሮዬ ላይ ደወለ፤ ጋሪ የላቸውም፣ የጭነት ከብት የላቸውም። ላምና በሬ ወደዚያ አገር በመርከብ የገቡት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከስፔኖች ጋር ነው። አንድም በሬ ባልረገጠው መሬት ላይ ጀንዲ አንጥፌያለሁ። ፋጡማ በእራት ሰዓት የደረሰችበትን እኔ ያን ሁሉ ሳምንት ስሠራ አላየሁትም።

«ዱቄቱስ?» አሉ ሚስ ዶሪ።

«እሱን አላውቅም» አልኩ።

«ጥሩ። እንግዲህ ዛሬ ሥራ ጀመርክ ማለት ነው» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በኢርማ አስተማሪ በኩል ሮሳሊያን አስጠየቅናት። ከሥራ ወጥታ፣ የዳቦ ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መጣች፤ ኢርማም አብራት ናት፤ ቤቱን ግን ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ላስለቅሳት ብዬ አይደለም» አለችኝ ሮሳሊያ፤ ስፓኒሽ የሚችል አንድ የወርክሾፑ ልጅ ይተረጉምልናል። «ጠየቀችኝ፤ ልጄን አልዋሽም። በእናቴ ቤት በቆሎ በደረቁ ተፈጭቶ አያውቅም። የድሮዎቹን ግን አላውቅም። እኔ የማውቀው የእናቴን ጓዳ ነው፤ እናቴ ደግሞ ፕላስቲክ ባልዲ አላት፣ ራዲዮ አላት፣ ላምም አላት።»

ፕሮፌሰሯ በስልክ ነበሩ፤ የድሮዎቹም በቆሎውን በኖራ ውኃ ይቀቅሉት እንደነበር ነገሩን። «ሥዕሉ ላይ ‹የተፈጨ› ብዬ መተዌ ነው ጥፋቱ፤ ሊጥ ነው ማለት ነበረብኝ» አሉ። ቆዳውን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ቅር አላለኝም።

ከዚያ ሮሳሊያ አስተማረችኝ። በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ያድራል። በማግስቱ ሲታሽ ገለፈቱ ይላቀቃል፤ ይታጠባል፤ እርጥቡን ይፈጫል። የንፍሮ ሽታ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን ዝናብ የነካው የኖራ ግድግዳ ሽታ ነው፤ እውስጡ ጣፋጭ ነገር አለው። ወፍጮዬን አይታ ሳቀች። ደልዳላ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ከእግሩ ሥር ድንጋይ አስገብታ ወደ ፊት አዘነበለችው፤ ሊጡ ወደ ሳህኑ እንዲወርድ። ስትፈጭ ክንዷን አይደለም የምታሠራው፤ ከወገቧ ጀምሮ መላ ጀርባዋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ስትጨርስ ሊጡን በእጇ ጠረገችና ወፍጮው ጫፍ ላይ ከመረችው። ጣቶቿ ያለፉበት ቦይ ታየኝ።

«ላስተካክለው?» አለችኝ።

«አትንኪው! በአላህ አትንኪው!» ብዬ ሲሊኮኔን ይዤ ሮጥኩ። ከነጣቷ ምልክት ቅርጹን አወጣሁት። አምሳያው ሲደርቅ፣ ቀለም ሲቀባ፣ ትንሽ እርጥበት እንዲመስል ሲወለወል፣ ማንም ሰው ሊጥ አይደለም አይልም። ኢርማ ሳላያት ዞራ መጥታ ጣቷን በእናቷ የጣት ቦይ ውስጥ አስገብታ እየለካች ነበር። 

የመኝታውን መደብ ሰሌኑ እስኪደርስ ባዶ ተውኩት። ጀንዲው ወደ ከብት ነጂዎቹ ተመለሰ። ፋጡማ ወሬውን ስትሰማ «አላልኩህም?» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ ያን አንድ ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ትደግመዋለች።

በመክፈቻው ቀን ሙዚየሙ ያን ክፍል መልሶ ጠራው። ሮሳሊያ እውነተኛውን እርጥብ በቆሎ ይዛ እንድትፈጭ ተፈቀደላት። እኔና ሚስ ዶሪ ግድግዳው ጥግ ቆመናል፤ እሳቸው አሁን ያለ መነጽር ናቸው። ግሬግ ከረባት አስሯል። እኔ የማየው ግን ኢርማን ብቻ ነው። ከልጆቹ ሁሉ ኋላ ቆማለች፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታለች። ያን ጥያቄ ደግማ እንደማትጠይቅ ያስታውቃል። አንዴ ጠይቃ የደረሰባትን ታውቃለች።

ሮሳሊያ ጎንበስ ብላ ገባች፤ ተንበረከከች። መጁን ያዘች። ድንጋዩ ድምፅ ሰጠ፤ ያ የኖራና የበቆሎ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቹ ወደ በሩ ተጠጉ። ታይለር ወደ ኢርማ ዞረ፤ አሁን የማወቅ አመሉ ወደ መጠየቅ ዞሮበታል።

«እናንተ ቤትም እንዲህ ነው የምትሠሩት?»

«አይ» አለች ኢርማ፤ ድምፅዋ ገና እንደፈራ ነው። «እኛ ቤት ብሌንደር አለን።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም ሳይታወቃት ፈገግ አለች። በዚህ ጊዜ ሮሳሊያ ቀና ሳትል፣ እጇንም ሳታቆም፣ ወደ ልጇ አንድ ነገር ተናገረች። ስፓኒሽ አይደለም። እንግሊዝኛም አይደለም፤ ኢርማ አያቴ ትናገራለች ያለችው ቋንቋ መሆን አለበት። አጭር፣ ቆጣ ያለ ነገር ነው።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኢርማ ዞረ። «ምን አለችሽ? ምን አለችሽ?»

ኢርማ ጉንጮቿ ቀሉ። እናት በሰው ፊት ስታዝዝ ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች።

«‹ቆመሽ አትይኝ፤ እጅሽን ታጥበሽ ነይ አግዢኝ› ነው ያለችኝ።»

ከዚያ ታጥባ መጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ ማንም ሳያሳያት ከእናቷ ጎን በጉልበቷ ተቀመጠች። ታይለር ከበሩ ላይ «እኔም ልታጠብ?» ብሎ ጠየቀ። ሮሳሊያ ስላልገባት ኢርማ ተረጎመችላት፤ መልሱንም መልሳ ተረጎመች፤ «ሁላችሁም» አለች። ልጆቹ ተንጋግተው ወደ መታጠቢያው ሮጡ። ሚስ ዶሪ ክንዴን ያዙኝ። አልቅሼ ነበር፤ እሳቸውም አይተውኛል። «ይኸው» አሉኝ፤ «ይህን ቤት ማን እንደሚጠርገው አሁን ታወቀ።»

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቤቶችም ሠርቻለሁ። ሚስ ዶሪ ሥራ ሲያቆሙ የጉልበት መከላከያቸውን ለኔ ተዉልኝ፤ እኔም እስከ መጨረሻው ቀን አደረግኩት፤ ጉልበቴ ግን ያው ሄዷል። የማያዎቹ ቤት ጊዜው ደርሶ ሲፈርስ ሦስቱን ድንጋዮች ጠይቄ ወሰድኩ። አሁን ሳክሲ ጋራዣችን ውስጥ ናቸው፤ ልጄ መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ሁልጊዜ «ባባ፣ ይሄን ድንጋይ ምን ላድርገው?» ትለኛለች። ቦታቸው ነው፣ ተያቸው እላታለሁ።

እና ሐናን፣ ማያዎቹ የት ሄዱ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መጽሐፍሽ እውነት አለው፤ ከትልልቆቹ ከተሞቻቸው ብዙዎቹ ባዶ ቀርተው ዛፍ በቅሎባቸዋል። ሰዎቹ ግን የትም አልሄዱም። ያኔ በመጨረሻ ሳያቸው አንዷ እጇን ታጥባ፣ በቆሎ ልትፈጭ ከእናቷ ጎን ተንበርክካ ነበር።